የሙከራ ወጥመድ

ሐረጎ ላይ ጉም ነው። ሚኒባሱ ያዘግማል፤
ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መንገድ ያዳምጣል።
ጭኔ ላይ ላፕቶፕ አለ፣ በላፕቶፑ ሥልጠና፤
አርባ ሁለት ስላይድ፣ ቀይ ቁልፍ፣ ጥቁር ደመና፣
ኮፍያ የደፋ፣ ፊት የሌለው ሌባ
በኮምፒውተር መስኮት ሾልኮ ሲገባ።

አትክፈት፣ አትንገር፣ አትጫን፣ አትሞክር፤
ያላወቅኸው መልእክት ቢመጣ አትመን፣ ተጠራጠር፤
ብቆጥረው ሠላሳ አንድ ክልከላ፤
«ከሳትህስ?» የሚል ግን የለም ከኋላ።

የክር ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ባለፈው ወር ጠርቶኝ
«ሠራተኛው ተኝቷል፣ ቀስቅስልኝ» አለኝ።
ቀሰቀስሁ። በሰው ስም ደብዳቤ ጻፍሁ፣
ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለሁሉም ላክሁ፦
«የበዓል ጉርሻ ጸድቋል። ድርሻዎን ለማየት እዚህ ይጫኑ።»
ከሰማንያ ሦስቱ ስድሳ አንዱ አመኑ።

ሳቅሁ። አልዋሽም። ግራፍ ሠራሁለት፣
ያመኑትን በቀይ ከነስማቸው ጻፍሁበት።

ከምሳ በኋላ ጦይባ ከሒሳብ ክፍል መጣች፤
በሩን ገፋ አድርጋ ደፉ ላይ ቆመች።
«ድርሻዬ አልታይ አለኝ፤ ገጹ ባዶ ነው» አለች፣
«ስሜንም የይለፍ ቃሌንም ሞልቻለሁ እኮ።»
ጥጥ ከጠፋ፣ ደመወዝ ከቆመ ሁለት ወር አልፎታል፤
ይህን ሳላውቅ አይደለም። ማጥመጃዬን የመረጥሁት
አውቄ ነው፤ የተራበ ዓሣ ቶሎ ይጎርሳል ብዬ።
«ለልጄ ጫማ በዱቤ ወስጄ
ባለሱቁን ‹ሐሙስ› ብዬዋለሁ…»
ስትል ዓይኗ ከትከሻዬ በላይ ስክሪኑ ላይ አረፈ።
ስሟ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር።
ሻርፗን አስተካከለች። ወጣች።
በሩን እንኳ በቀስታ ነው የዘጋችው።

ከዚያ እውነተኛው መጣ፤
የጥጥ አቅራቢ መስሎ፣ ደረሰኝ አንጠልጥሎ።
የግዥው አራጋው ከፈተው። ወዲያው ደነገጠ፣
ኮምፒውተሩን አጠፋ፣ ሁለት ቀን ዋጠው ዝም ብሎ።
ሌባ ሁለት ቀን ካገኘ በር አይሰብርም፤
ቤተሰብ ይሆናል፤ የመዝገቡን መልክ፣ የፊርማውን ጠባይ ይለምዳል።
«ለምን አልነገርኸኝም?»
«በቀይ ትጽፈኛለህ ብዬ» አለኝ፣ ወለሉን እያየ።

በሩ ላይ ጋሽ ይመር አሉ፤ ኢሜይል የላቸውም።
«ማን ነህ? ማን ላከህ?» ሳይሉ ሹምም አያሳልፉም።
እንግዳው በሰጣቸው ቁጥር አይደውሉም፤
ካርቶን ቁራጭ ላይ ራሳቸው በጻፉት ነው።
ሥራ አስኪያጁንም አንዴ ዝናብ ላይ አቁመውታል፣
«አይክፋህ ልጄ፣ ላጣራ ነው» ብለው።
ሥልጠናው ደጃፍ ላይ ነበር፣
እኔ ከኢንተርኔት ስለቅም።

ጉሙ ሳሳ። ታች ቦርከና ይታያል።
ባለ ኮፍያውን ሌባ ደመሰስሁ። ግራፉንም።
የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፍሁ፦
«የጉርሻውን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።»
ቀጥሎ የጋሽ ይመርን ካርቶን፣ በፎቶ።
ቀጥሎ፦ የሳተ ሰው ወዲያው ይደውል፣ ሌሊትም ቢሆን፤
ስልኩን የሚያነሣው ደግሞ «ምን አደረግህ!» አይበል፤
አስቀድሞ የሚለው አንድ ቃል ነው፣
ከሐይቅ እስከ ባቲ ማንም ትርጉሙን የማይጠይቀው፦
አብሽር።

ጦይባ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ እንደሆነ አላውቅም።
ደመወዙም ዛሬ አልገባም።
ረዳቱ በሩን መታ። ላፕቶፑን ዘጋሁ፤
«ወራጅ አለ» አልሁ።